የዓባይ በረሃ ድንጋይ ምን ይመሰክራል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ተማሪ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስለ ሙቀቱ፣ ሌላው ስለ አውቶቡሱ ፍሬን። መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ሲዞር እናቶች ያማትባሉ፤ ልጆች ዝንጀሮ ይቈጥራሉ፤ የቀረው ሰው ወይም ያንቀላፋል፣ ወይም ድልድዩ መቼ እንደሚደረስ ይጠይቃል። ከመስኮቱ ውጭ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ የድንጋይ ግድግዳ በግራና በቀኝ ያልፋል። የዚህ ግድግዳ ትልቁ ክፍል የባሕር ጭቃ፣ የባሕር አሸዋና የባሕር እንስሳት ቅርፊት ነው። ዛሬ ከየትኛውም ባሕር በመቶ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር የራቀው ይህ ስፍራ አንድ ጊዜ በባሕር ተሸፍኖ ነበር።

ይህን አባባል አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ ለፈተናም ጽፈነው ይሆናል። «እንዴት ታወቀ?» ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ደግሞም «ባሕር ነበረ» ማለት ብቻውን ብዙ አያስተምርም። ምን ዓይነት ባሕር? ጥልቅ ነበረ ወይስ ፀሐይ ወለሉን የምታየው? ማዕበል የሚመታው ነበረ ወይስ የረጋ? ጨውነቱስ እንደ ዛሬው ባሕር ነበረ ወይስ ከዚያ የበለጠ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህን ጥያቄዎች ድንጋዩ ራሱ እንዴት እንደሚመልስና አንባቢው ካልተጠነቀቀ እንዴት እንደሚሳሳት በአጭሩ ማስረዳት ነው።

የአሮጌ ክርክር መጀመሪያ

አንድ ገበሬ በማሳው ላይ የዛጎል ቅርጽ ያለው ድንጋይ ቢያገኝ «ይህ የኖኅ ውኃ የጣለው ነው» ማለቱ አያስገርምም። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ይባል ነበር። ከ500 ዓመት በፊት ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በሰሜን ኢጣሊያ ተራሮች ላይ ያሉትን ዛጎሎች ተመልክቶ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። እነዚህን ያመጣቸው አንድ የጥፋት ውኃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተደባልቀውና ተበታትነው በተገኙ ነበር፤ እርሱ ያያቸው ግን በተለያዩ ንጣፎች ውስጥ፣ በሕይወት ሳሉ እንደሚኖሩት ተሰባስበው ነው። ስለዚህ እዚያው ኖረው እዚያው ሞተዋል አለ።

ከእርሱ በኋላ ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1669 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደለል በውኃ ውስጥ ሲዘቅጥ የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው የቀደመ መሆኑን አስረዳ። ይህ ሰው በኋላ ራሱ ጳጳስ ሆኗል፤ እንግዲህ ድንጋይን መመርመር ከሃይማኖት መውጣት ነው ለሚሉ ወንድሞች የእርሱ ታሪክ ይበቃል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጄምስ ኸተን፣ በኋላም ቻርልስ ላየል እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1833 ዓ.ም. ባወጣቸው መጻሕፍት የጂኦሎጂን ዋና ደንብ አጸኑ። ይኸውም ዛሬ በወንዝና በባሕር ዳር የምናየው ሥራ የጥንቱን ለመረዳት ቍልፍ ነው ማለት ነው። ዛሬ ሞገድ አሸዋውን የሚያደርገውን ጥንትም አድርጎታል፤ ዛሬ ፀሐይ ጭቃውን የምትሰነጥቀውን ያህል ጥንትም ሰንጥቃዋለች።

ምስክሮቹ

የድንጋይን ነገር መመርመር እንደ አውጫጭኝ ነው። አገሬው በሙሉ ይጠራል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ፍርዱም የሚሰጠው የብዙዎቹ ቃል ሲገጥም ነው።

የመጀመሪያው ምስክር የቅንጣቱ መጠን ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት አፈር ጨምራችሁ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ጭቃው ግን ውኃው ካልረጋ በቀር አይዘቅጥም። ስለዚህ ደቃቅ የኖራ ጭቃ የሆነ ድንጋይ የረጋ ውኃን ይመሰክራል፤ ጭቃው ታጥቦለት ንጹሕ ቅንጣት ብቻ የቀረው ድንጋይ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ውኃን ይመሰክራል። አሜሪካዊው ሮበርት ፎክ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም.፣ ሮበርት ደንሃም ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የኖራ ድንጋይን የመደቡበት ዘዴ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ከዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ጭቃ አለ ወይስ የለም?

ከቅንጣቶች ሁሉ የሚያስደንቁት ኦኦይድ የሚባሉት ናቸው። የጤፍ ፍሬ ያህላሉ፤ ክብ ናቸው፤ በመካከል ቢቈረጡ እንደ ሽንኩርት ንጣፍ በንጣፍ ሆነው ይታያሉ። ዛሬ በባሃማ ደሴቶችና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይፈጠራሉ። ይኸውም ጥቂት ሜትር ጥልቀት ባለው ሞቃት ውኃ ውስጥ ሞገድ ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልላቸው ካልሲየም ካርቦኔት በዙሪያቸው እየተለበጠ ነው። በድንጋይ ውስጥ ኦኦይድ ያየ ሰው ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለውና ሞገደኛ ባሕር አየ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር በንጣፉ ገጽ ላይ የቀረው ምልክት ነው። ሞገድ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚሠራው ትልም ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ውኃ የሚሠራው ግን አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተጋደመ ነው። በበጋ እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ ንጣፍ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ እንደ መታው ይናገራል። የትልና የሸርጣን ጉድጓድ የበዛበት ድንጋይ በወለሉ ላይ አየር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሦስተኛው ምስክር በድንጋይ ውስጥ የቀረው የእንስሳ አካል፣ ፎሲል የምንለው ነው። ጥያቄው «ይህ ማን ነው?» ብቻ አይደለም፤ «ዘመዶቹ ዛሬ ለመኖር ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ነው። ኮራል ሪፍ የሚሠሩት እንስሳት ሞቃት፣ የጠራና ብርሃን የሚደርስበት ውኃ ይፈልጋሉ። የባሕር ጃርትና ብራክዮፖድ የሚባሉት ባለ ሁለት ክዳን እንስሳት በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ካለበት ከተለመደው ባሕር እምብዛም አይርቁም። ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ግን የጨው መብዛትንም ማነስንም ይችላል። ስለዚህ ብዙ ዓይነት እንስሳት አብረው ከተገኙ ባሕሩ ክፍት ነበረ እንላለን፤ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ከተገኙ ኑሮው ከባድ ነበረ እንላለን።

ነገር ግን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደሚባለው፣ ውኃ የሞተውን ዛጎል ከኖረበት አንሥቶ ሌላ ስፍራ ይጥለዋል። ሁለቱ ክዳኖቹ እንደ ተገጣጠሙ፣ በቁሙ እንደ ተቀበረ የተገኘ ዛጎል እዚያው ኖሯል። ክዳኑ ተለያይቶ፣ ተሰባብሮ፣ በመጠን ተለይቶ የተከመረ ግን በማዕበል የመጣ ስደተኛ ነው። የስደተኛው ምስክርነት ስለ ማዕበሉ እንጂ ስለ ስፍራው አይደለም።

አራተኛው ምስክር ከውኃው ውስጥ የረጋው ማዕድን ነው። የባሕር ውኃ በፀሐይ እየተነነ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ሲወፍር ጀሶ፣ ማለት ጂፕሰም፣ መርጋት ይጀምራል፤ ዐሥር እጥፍ ያህል ሲወፍር የምንበላው ጨው ይረጋል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደናክል ረባዳ ስፍራ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ገብቶ ነበር። በዳር በዳሩ የኮራል ሪፉ እስካሁን ቆሟል፤ ጂፕሰም አለ፤ መካከሉ የጨው ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳ የሚቈረጠው አሞሌ በግመል ወደ ደጋ ሲወጣ የኖረው ባሕር ገብቶ ስለ ደረቀ ነው።

በመጨረሻም የምስክሮቹን ቃል የሚያያይዝ አንድ ሕግ አለ። ጀርመናዊው ዮሐነስ ቫልተር እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ንጣፎች ያለ መቋረጥ አንዱ በሌላው ላይ ተከታትለው ከተገኙ፣ በዘመናቸው ጎን ለጎን የነበሩ ስፍራዎች ናቸው። ዛሬ ከየብስ ወደ ባሕር ብንሄድ የወንዝ አሸዋ፣ ቀጥሎ የባሕር ዳር ጭቃ፣ ቀጥሎ የተከለለ ውኃ፣ ቀጥሎ ክፍት ባሕር እናገኛለን። ባሕሩ ወደ የብስ ቢገፋ እነዚሁ ስፍራዎች በዚያው ተራ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። ስለዚህ ገደል መውጣት ማለት ወደ ጥንቱ ባሕር ውስጥ እየገቡ መሄድ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከድልድዩ እስከ ደጀን

አሁን አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ እኛ በእግር እንከተለው። ከታች ወደ ላይ ስንሄድ፣ እንደ ስቴኖ ደንብ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንሄዳለን።

ከወንዙ አጠገብ የሚታየው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ቀላ ያለ ነው፤ በውስጡ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ንጣፎች ይታያሉ፤ የባሕር እንስሳ እምብዛም የለበትም። ምስክሮቹ አብዛኛው ክፍል የወንዝ ሥራ መሆኑን ይናገራሉ። ገና የብስ ላይ ነን።

ከእርሱ በላይ የጎሐ ጽዮን ንብር ይመጣል። ዶሎማይት፣ ሸክላማ ድንጋይና ነጭ ጂፕሰም በየተራ ይመላለሱበታል፤ እንስሳቱ ጥቂት ናቸው። ቀድሞ ሊቃውንት ጂፕሰም ሲያዩ ጥልቅ ባሕር ፈጽሞ የደረቀ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን በአቡ ዳቢ ባሕር ዳር በተደረገው ጥናት፣ ጂፕሰም ጠፍጣፋ በሆነ ሞቃት የባሕር ዳር ጭቃ ውስጥም እንደሚያድግ ታወቀ። እንግዲህ የጎሐ ጽዮን ስፍራ ባሕሩ የሚመላለስበት፣ ፀሐይ የሚያቃጥለው፣ ጨው የበዛበት ሜዳና የተከለለ ውኃ ነበረ ማለት ነው። ይህን ንብር ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጌታነህ አሰፋ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ለትምህርት ወደዚህ ስፍራ በወረድን ጊዜ፣ ከጂፕሰሙ አጠገብ ብራክዮፖድና የባሕር ጃርት የሞላበት አንድ የሚያምር ድንጋይ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ በደብተሬ ላይ «በዚህ ንጣፍ ባሕሩ ክፍት ነበረ» ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን ድንጋዩን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «የዚህ ቤቱ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እዚሁ ነው» አልኋቸው። እርሳቸው ግን ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ አሳዩኝ። ድንጋዩ ከላይ ካለው የኖራ ድንጋይ ተገንጥሎ ተንከባልሎ የወረደ ነበረ። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ እንዳልነበረ እያየሁ አላየሁም። በአንድ የተንከባለለ ድንጋይ ምክንያት የጨው ሜዳውን ክፍት ባሕር አድርጌው ነበር። ዙሪያውን ያሉት ምስክሮች፣ ጂፕሰሙም፣ ዶሎማይቱም፣ የእንስሳቱ ማነስም፣ ሁሉም ሌላ ሲናገሩ እኔ የሰማሁት ያማረውን ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ንብር በላይ ወደ 400 ሜትር የሚደርሰው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይቆማል። ስሙ በትግራይ ካለችው ከአንታሎ የተወሰደ ነው። የሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው በ1870 ዓ.ም. ነው፤ የአዲግራትንም ስም እርሱ ነው ያገባው። እዚህ ምስክሮቹ ቃላቸውን ይለውጣሉ። በታችኛው ክፍል እንስሳት የቈፈሩት የኖራ ጭቃ ይበዛል። ወደ መካከሉ ብራክዮፖድ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል፣ ቀንድ አውጣና የባሕር ጃርት ሞልቶበታል። ወደ ላይ ሲወጣ ኦኦይድ ይመጣል፤ ኮራልም ይገኛል። የተለመደ ጨውነት ያለው፣ ሞቃት፣ ብርሃን የሚደርስበት፣ አንዳንድ ጊዜ ጸጥ ያለ፣ አንዳንድ ጊዜም ሞገድ የሚያንከባልለው ሰፊ ባሕር ነበረ ማለት ነው። ዘመኑ ጁራሲክ የሚባለው ሲሆን ይህ ድንጋይ የተነጠፈው ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን በሙገርና በጀማ ሸለቆ በኩል ማየት ይሻላል። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲመለስ በስፍራው የሙገር ጭቃ ድንጋይ ተተካ፤ በዚህም ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ከዚያም የወንዝ ሥራ የሆነው የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ተከተለ። በሁሉ ላይ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ እንደ ክዳን ተደፍቶበታል።

ሁለት እንቈቅልሾች

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ ባሕሩ ጥልቀት የሌለው ከሆነ 400 ሜትር ድንጋይ በየት ገባ? ዐሥር ወይም ሃያ ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር በቶሎ በሞላ ነበር። መልሱ ወለሉ እየሰመጠ ነበር የሚል ነው። ወለሉ በቀስታ ሲወርድ እንስሳቱና ሞገዱ የሚሠሩት ኖራ በዚያው ልክ ይሞላው ነበር፤ ስለዚህ ከታች እስከ ላይ ሁሉም ብርሃን የሚወድ ሆኖ ተገኘ። 400 ሜትርን ለ15 ሚሊዮን ዓመት ብናካፍል በአንድ መቶ ዓመት ከሦስት ሚሊሜትር ያነሰ ይደርሳል። ጭቃው ሲጠጥር መቀነሱንና መካከል ላይ መቋረጥ መኖሩን ብንጨምርበት እንኳ ሥራው እጅግ የዘገየ ነው። የመስመጡም ምክንያት ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ የብስ መሰንጠቁ ነው። አፍሪካ ከማዳጋስካርና ከሕንድ ስትለያይ ምሥራቁ ወረደ፤ ባሕሩም ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ገባ። በኦጋዴን የዚያ ዘመን ደለል ከዓባይ የበለጠ ውፍረት ያለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ዛጎሉ ዛሬ እንዴት በደጋ ከፍታ ተገኘ? ውኃው ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ አይደለም፤ የብሱ ተነሥቶ ነው። ከእሳተ ገሞራው ጋር የሀገራችን ምድር ከታች በትኩስ ድንጋይ ተገፍቶ ከፍ አለ። ዓባይም ከፍ ያለውን ምድር ቈርጦ ወረደና ተዘግቶ የነበረውን መጽሐፍ ገለጠልን።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሀገሩ ውኃና ዳቦ ሲፈልግ ስለ ሞተ ባሕር መጻፍ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዚያው ድንጋይ ውስጥ አለ። በሙገርና በመቀሌ አጠገብ ሲሚንቶ የሚሠራው ከአንታሎ የኖራ ድንጋይ ነው። የትኛው ንጣፍ ንጹሕ ኖራ፣ የትኛው ጭቃ የበዛበት እንደሚሆን የሚያስረዳው የጥንቱ ባሕር ዳር የት እንደ ነበረ ማወቅ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የውኃ ነገር ነው። በመቀሌ አካባቢ ከአንታሎው በላይ ያለው የአጉላዕ ንብር ጂፕሰም አለበት። ጂፕሰም ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ እርሱን የነካ የጉድጓድ ውኃ ይመራል፤ ሰልፌት ይበዛበታል። ንጣፉን በደንብ ያነበበ ባለሙያ ወደ ተሰነጣጠቀው የኖራ ድንጋይ ያስቈፍራል። የተንከባለለ ድንጋይ አይቶ የፈረደ፣ እንደ እኔ ያለ ችኩል ደግሞ በብዙ ገንዘብ መራራ ውኃ ያወጣል። በዚያ ጊዜ ስሕተቱ በደብተር ላይ አይቀርም፤ እንስራ ይዛ ሩቅ የምትሄደው እናት ትከፍለዋለች።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ዓባይን ስትሻገሩ ጥቂት ወርዳችሁ እዩ። አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ድንጋዩን ከመስበራችሁ በፊት ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋግጡ። ያማረ ዛጎል ካገኛችሁ ዙሪያውን ያለውንም ድንጋይ ተመልከቱ። ናሙና የምትወስዱ ከሆነ ከየትኛው ንጣፍ፣ ከመንገዱ በስንት ሜትር ከፍታ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተወሰደ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ እሰሩት፤ ወደ ትምህርት ክፍሉም አምጡት። በየመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ አቧራ የሚጠጡ ስም የለሽ ድንጋዮች ብዙ ናቸው። ከየት እንደ መጡ የሚናገር ወረቀት ስለሌላቸው አሁን ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም።